መላሽ የተባለው ፍላጻ

ጥርስ ሠሪው አንድም ቀን ጥርስ ነቅሎ አያውቅም። ታላቅ እህቱ ግን ለእንግዳ ስታስተዋውቀው «ጥርስ ነቃዩ ወንድሜ» ትላለች። ሊያርማት ሲሞክር ደግሞ «ያው ነው፤ የሚነቅል ባይኖር አንተ ምን ትበላ ነበር?» ብላ አፉን ታስይዘዋለች። ሥራው ሐኪሞቹ የሚልኩለትን የድድ ቅርጽ በጄሶ መገልበጥ፣ ጥርሱን በሰም ላይ መደርደር፣ ሞርዶና አለስልሶ መመለስ ነው። ጥርሱን የሚያደርገውን ሰው አያየውም። የማያውቃቸው ሰዎች በእሱ ጥርስ እየሳቁ ከተማውን ይዞራሉ፤ እሱ ከአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከጄሶ አቧራ ጋር ተፋጦ ይውላል። ትዳሩ ከፈረሰ ወዲህ የሚያድረው እህቱ ግቢ ካለችው የጓሮ ክፍል ነው። እህቱ ደግ ናት፤ ነገር ግን ቤቷ ሙሉ ነው፤ ባል አለ፣ ልጆች አሉ፣ አሁን ደግሞ የልጅ ልጅ መጥቷል። እሱ ሲገባ ሁሉም «ግባ፣ ተቀመጥ፣ እዚህ ጋ» ይለዋል። ከተቀመጠ በኋላ ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል።

ስለዚህ ለእሱ ሳምንት ማለት ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ የቀረው መንገድ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት የልብስ ሰፊዋ ሱቅ ይዘጋና ከጀርባ ባለው ክፍል፣ ጨርቅ በምትቆርጥበት ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ አራት ሰዎች ይሰበሰባሉ። ጨዋታቸውን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ካርታ አይሰጥበትም፣ ጎል አይገባበትም፣ አሸናፊ የሚባልም የለው። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ታሪኩን ያወራል። ሦስቱ ደግሞ በታሪኩ ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ፤ ያ ሰው ምን እንደሚያደርግ በአፋቸው ይናገራሉ፣ ይሳካለት አይሳካለት የሚጣለው ዳይስ ቁጥር ይወስናል። ዘመኑ ገና ያልመጣ ዘመን ነው፤ ቦታው ከመሬት ርቃ የምትጓዝ አንዲት አሮጌ መንኮራኩር። ልብስ ሰፊዋ የመንኮራኩሯን ኮሪደሮች በልብስ ጠመኔዋ ጠረጴዛው ላይ ትስላለች። በጨዋታው አዛዥ ናት፤ በኑሮዋም ማንም አዟት አያውቅምና አልከበዳትም። ባለታክሲው የመንኮራኩሯን ሞተር የሚጠግን ሞተረኛ ነው። ጥርስ ሠሪው ቀስተኛ ነው።

«በዚያ ሁሉ ሥልጣኔ መሃል ቀስት ምን ይሠራል?» ብላ ጠይቃው ነበር እህቱ፣ አንድ ቀን ተሳስቶ ሊያስረዳት ሲሞክር።

መልስ ነበረው። የመንኮራኩር ግድግዳ ስስ ነው፤ ጥይት ወይም ጨረር ከተተኮሰ ግድግዳው ይበሳል፣ አየሩ ይወጣል፣ ተኳሹም ተተኳሹም አብረው ያልቃሉ። ፍላጻ ግን ሥጋ ይወጋ እንደሆነ እንጂ ብረት አይበሳም። ስለዚህ በዚያ ሁሉ ሮቦትና ኮምፒዩተር መሃል፣ ኮሪደር ውስጥ የሚፈራው ደጋን የያዘው ሰው ነው። እህቱ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችውና «ታዲያ በጩቤ አይሻልም?» ብላው ወደ ድስቷ ሄደች።

እሱ ግን የዋዛ ቀስተኛ አይደለም። የጠረጴዛው ደንብ ጥብቅ ነው። ተራ ፍላጻ እንደ ልብ ነው፤ ልዩ ፍላጻ ግን በእጅ ተሠርቶ ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ አለበት፣ ያልተቀመጠ እንደሌለ ይቆጠራል። ሠሪው የፍላጻውን ሥራ በሁሉም ፊት አንዴ ይናገራል፤ ከተናገረ በኋላ «እንዲህ ማለቴ ነበር» የለም። አንዴ ከተተኮሰ መምህሩ ተቀብሎ ይሰብረዋል። ጥርስ ሠሪው ከሥራ የሚተርፈውን የጥርስ ስባሪ እየሞረደ የፍላጻ ጫፍ ያወጣና በስቴኪኒ ላይ ይተክለዋል። ጥርስ ሠሪ ሆኖ ስቴኪኒ በእሽግ መግዛቱ ራሱንም ያስቀዋል። «ሙጫ አፍ» የሚለው ፍላጻ ጫፉ ጠፍጣፋ ነው፤ በር ላይ ከተተከለ ያንን በር ማንም አይከፍተውም። «ጆሮ» የሚለው እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ነው፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ በወዲያኛው ክፍል የሚወራውን ያመጣል። መብራት የሚውጥ አለው፤ ጫፉን በሻማ ጭስ አጥቁሮታል። ልብስ ሰፊዋ አዲስ ፍላጻ ባየች ቁጥር መነጽሯን አድርጋ ወደ መስኮቱ ታዞረውና «አቤት እጅ!» ትላለች። ያቺ ቃል ለሚቀጥለው ሳምንት ስንቅ ትሆነዋለች።

«መላሽ» ያለውን የሠራው ሚስቱ ልብሷን ሸክፋ በወጣች ሰሞን ነው። ከሁሉም ያማረው እሱ ነው፤ ከፊት ጥርስ የተሠራ፣ ጫፉ ከመሳሳቱ የተነሣ ብርሃን የሚያሳልፍ። ሥራውን ሲናገር እንዲህ አለ። «የመታውን ሰው ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። አይገድልም፣ አያቆስልም። ከጉዞው አውጥቶ ደጃፉ ላይ ያቆመዋል።» ለራሱ ነበር ያሰበው፤ ቀስተኛው አንድ ቀን ሲታክተው በገዛ እግሩ ላይ ሊተክለው። መምህሩ «ጥሩ ነው። የቀስተኛው ቤት የት ነው እንበል?» ብሎ ሲጠይቀው አሰበ፣ አሰበ፣ ምንም አልመጣለትም። «እነግራችኋለሁ» አለ። እስከ ዛሬ አልነገራቸውም።

ከዚህ ጨዋታ እንደው ብድግ ብሎ መውጣት አይቻልም። ይህ ደንብ የመጣው በፀጉር አስተካካዩ ምክንያት ነው። ፀጉር አስተካካዩ ድሮ አምስተኛቸው ነበር። አንድ ቅዳሜ ቀረ፣ በሚቀጥለውም ቀረ፣ በዚያው ጠፋ። በታሪኩ ውስጥ ያለው የእሱ ሰው ግን በመንኮራኩሯ ወጥ ቤት ውስጥ ማንኪያ እንደያዘ ተገትሮ ቀረ። ማን ይግደለው? ማን ያባርረው? በዚያ ባለፉ ቁጥር «እንደምን ዋልክ» ይሉታል፤ እሱ ዝም። መጀመሪያ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ቆይቶ መምህሩ ወጥ ቤቱን ባነሳ ቁጥር ሆዳቸው ይባባ ጀመር። ስለዚህ ተማማሉ፦ መሄድ የፈለገ ሰው በታሪኩ ውስጥ ወይ ይሞታል ወይ ቤቱ ይገባል እንጂ፣ ዱዳ አቁሞ አይሄድም።

ባለታክሲው ከጨዋታው ሊወጣ ይገባው የነበረው ሚስቱ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ጓዛቸውን ጠቅልለው በሄዱ ጊዜ ነው። ጥርስ ሠሪው ያን ሰሞን ምግብ አልበላ ብሎት ነበር። ትዳሩ ሲፈርስ የደረሰለት ይህ ሰው ነው። ከጨዋታ በኋላ በታክሲው እህቱ ግቢ በር ድረስ ያደርሰዋል፤ ከደረሱ በኋላም ሞተሩን አጥፍቶ የባጥ የቆጡን ሲያወሩ ያመሻሉ። ለጥርስ ሠሪው የሳምንቱ እምብርት ያ ነበር። ከሄዱ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ግን ባለታክሲው እንደ ወትሮው በሩን በእግሩ ገፍቶ ገባ። «እዚህ የቅዳሜ ደንበኛ አለኝ፤ ጠዋት አመጣዋለሁ፣ ማታ እመልሰዋለሁ፤ በመሃል ከእናንተ ጋር እሆናለሁ» አላቸው። ጥርስ ሠሪው ያንን ያላየውን ደንበኛ ስንት ጊዜ መርቆታል! ዕድሜ ይስጠው፣ ሥራውን ያስፋለት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መንገድ አያሳጣው እያለ።

አንድ ሐሙስ፣ የታችኛውን መንጋጋ በሰም ላይ እየደረደረ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የባለታክሲው ሚስት ነበረች።

«ጋሼ፣ ሥራ አስፈታሁዎት?»

«ኧረ ምንም አይደል። ደህና ናችሁ? ልጅቷስ?»

«ደህና ነን።» ከዚያ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ አፈሰሰችው። «ጋሼ፣ እሱ ከሁለት ሳምንት በፊት ከእናንተ ሲመለስ መኪናዋን ቦይ ውስጥ ከተታት። እንቅልፍ ጥሎት ነው። እግዜር አተረፈው። ለእናንተ ምን ብሎ እንደነገራችሁ አላውቅም።»

ለእነሱ የነገራቸው የጭነት መኪና ወደኋላ ሲል የጎን መስታወቱን እንደሰበረበት ነው። አስመስሎ፣ የሹፌሩን ስድብ ሳይቀር ጨምሮ ነው ያወራላቸው።

«እንዲህ ከሆነማ ያ ደንበኛ ቢቀርበት ይሻላል» አለ ጥርስ ሠሪው። «ሌላ ሰው ይፈልግ። እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።»

«የምን ደንበኛ?» አለች።

 ስልኩ ውስጥ ከሩቅ የልጅ ድምፅ ይሰማል።

«ጋሼ፣ በሞቴ እንዳይቀየሙኝ» አለች፤ ድምፅዋ ወረደ። «ተው ስለው ይቆጣኛል። ‹ሰውዬው ብቻውን ነው› ነው የሚለኝ። እኔም አዝናለሁ፤ ግን ልጅቷ ቅዳሜን አባቷን አታየውም፤ እሱም ሰው እንጂ ብረት አይደለም። እኔ መደወሌን እንዳይሰማ ብቻ።»

«አይሰማም» አላት። ሰላም በሉልኝ ማለቱን ረሳ።

ስልኩን ዘግቶ ሲያይ የደረደራቸውን ጥርሶች በአውራ ጣቱ ሰሙ ውስጥ አስጥሟቸዋል። መጀመሪያ ተናደደ፤ ማን ለመነው? ማን እዘኑልኝ አለ? ንዴቱ ግን አልበረከተም፤ ወዲያው እፍረት ተካው፣ ያውም ጆሮ ግንድ የሚያግል እፍረት። ብቻውን መሆኑን ያውቃል፤ ሰው እንደሚያውቅበት ነው ያላወቀው። ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቀስተኛ ሆኖ የተቀመጠ መስሎት ነበር። ለካስ ተኝቶ የሚጠየቅ በሽተኛ ኖሯል።

የቀረውን ቀን መላ ሲፈልግ ዋለ። «አትምጣ» ቢለው ባለታክሲው ጭራሽ ይብስበታል፤ ምን ሆነሃል ብሎ ሐሙስም መምጣት ይጨምራል። «እኔ ጨዋታው ሰለቸኝ» ቢልስ? የገዛ ቀስተኛው ዱዳ ሆኖ ኮሪደር ላይ ሊገተር ነው። ዞሮ ዞሮ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ሆነ፦ መላሽ። ባለታክሲውን በራሱ እጅ ቤቱ መላክ፤ በታሪኩ ቤቱ የገባ ሰው ከጨዋታው ተሰናበተ ማለት ነው።

ወዳጅ ላይ መተኮስ ያልተከለከለ ነገር ነው። የሚተኮስበት ሰው ግን መብት አለው፤ ዳይስ ጥሎ ላምልጥ ይላል፣ ወይም ዝም ብሎ ይቆማል። ባለታክሲው ደግሞ ዳይስ ሳይጥል የሚያልፈው ነገር የለም። በር ለመክፈት ይጥላል፣ ሾርባው ትኩስ መሆኑን ለማወቅ ይጥላል፤ ቁጥሩ ሲወጣለት እንደ ሕፃን ይጨፍራል። ጥርስ ሠሪው ይህን አሰበና ያላሰበው ተስፋ ልቡ ውስጥ ሾልኮ ገባ። ልተኩስበት፣ እሱ ግን ያምልጥ። ወንበር ገልብጦ ይነሳና «ወዴት ልትልከኝ ነው አንተ ሰው!» ይበለኝ፣ ዳይሱን ይጣል። ያኔ ለእኔ አዝኖ ሳይሆን ወድዶ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የሴትየዋን ቃል አልዘነጋም፤ ቦዩንም፣ ልጅቷንም አልዘነጋም። ይምታው ብሎም ከልቡ ተመኘ፣ ያምልጥ ብሎም ከልቡ ተመኘ። የትኛው እንደሚበልጥ ቢጠየቅ መልሱን ያውቅ ነበር፤ ለዚህም አፈረ።

ቅዳሜ ባለታክሲው ዘግይቶ ደረሰ። ዓይኑ ቲማቲም መስሏል፤ በአንድ እጁ የዳቦ ፌስታል፣ በሌላው የመኪናውን ቁልፍ ይዟል።

«እንዴት ዋላችሁ የሰማይ ሰዎች!»

«ዘገየህ» አለችው ልብስ ሰፊዋ። «መንኮራኩሯ ያለ ሞተረኛ ልትወድቅ ነበር።»

«ደንበኛዬ አዘገየኝ። ወሬኛ ነው፣ አይወርድም እኮ።»

ጥርስ ሠሪው አንገቱን ደፍቶ ፍላጻዎቹን በመስመር ደረደረ። 

መምህሩ ጉሮሮውን ጠራረገና ጀመረ። እንፋሎት የሚያስተላልፈው ቧንቧ ፈንድቷል፤ ኮሪደሩ በጉም ተሞልቷል፤ ሞተረኛው ተንበርክኮ ቧንቧውን እያሰረ ነው፤ ቀስተኛው ከኋላው ቆሞ ይጠብቀዋል። ባለታክሲው ቧንቧውን ለማሰር ዳይስ ጣለ፣ ወጣለት፣ ጠረጴዛውን ደበደበው። ከዚያ ሲያዛጋ ሁሉም መንጋጋውን አዩት።

«ቀስተኛውስ ምን ያደርጋል?» አለ መምህሩ።

«ኮሮጆዬን እከፍታለሁ» አለ ጥርስ ሠሪው። «መላሽን አወጣለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ጠመኔዋን አስቀመጠች። «ቤትህን ልትነግረን ነው? እሰይ! የት ነው?»

«ለእኔ አይደለም።» ፍላጻዋን አነሳና ጫፏን ወደ ባለታክሲው አዙሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። «እሱ ላይ እተኩሳለሁ።»

ባለታክሲው ሳቀ። ማንም አብሮት ስላልሳቀ ቶሎ ተወው። ፍላጻዋን አየ፣ ጥርስ ሠሪውን አየ። ጥርስ ሠሪው ፊቱን ሊያጠነክር ሞክሮ አልሆነለትም፤ ዓይኑን ወደ ጠመኔው መስመር አዞረ።

መምህሩ ብዙ ዓመት ተማሪ ያየ ሰው ነው፤ ለምን ብሎ አልጠየቀም። ደንቡ የሚያዘውን ብቻ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀ፦

«ሞተረኛው ከኋላው የደጋኑን ድምፅ ሰምቷል። ያመልጣል ወይስ ይቆማል?»

የባለታክሲው እጅ ወደ ዳይሱ ሄደ። ጥርስ ሠሪው ያንን እጅ አየው። ጣቶቹ ዳይሱን ነኩት። አንሳው አለ በሆዱ፤ እባክህ ወንድሜ፣ አንሳውና ጣለው፣ ምንም ይውጣ ምን ብቻ ጣለው። ጣቶቹ ዳይሱ ላይ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ባለታክሲው ዳይሱን በቀስታ ገፋ አደረገውና እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

«ይቆማል» አለ።

 ጥርስ ሠሪው ወሽመጡ የተቆረጠ ያህል ተሰማው፤ በዚያው ላይ ደግሞ ትከሻው ላይ የነበረ ሸክም ሲወርድ ታወቀው። ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ ሊመጡ እንደሚችሉ አያውቅም ነበር።

«መታው» አለ መምህሩ። «ሞተረኛው ደጃፉ ላይ ቆሟል። ምን ያያል?»

ባለታክሲው ዓይኑን ጨፈነ። «በሩ ሰማያዊ ነው። ከታች ቀለሙ ተልጧል፤ ልጄ በብስክሌቷ እየገጨችው ነው። ደረጃው ላይ አንድ ካልሲ አለ፤ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ውስጥ ሬዲዮ ይሰማል፤ እናቷ ሬዲዮ ሳትከፍት ዕቃ አታጥብም።» ጠረጴዛውን በጣቱ አንኳኳ። «አንኳኳለሁ። ‹ማነው?› ትለኛለች ትንሿ። ‹እኔ ነኝ› እላለሁ።»

«ሌሊት ነው ወይስ ቀን?» አለ መምህሩ።

«ቀን ነው» አለ ባለታክሲው። «ቀን ነው፣ ፀሐይ አለ።»

ይህን ሁሉ ሲናገር ጥርስ ሠሪው አንድ ነገር ገባው። ያንን በር አይቶት አያውቅም። በዚህ ሁሉ ቅዳሜ ባለታክሲው ወደ እሱ ሲመጣ፣ እሱ አንድ ቀን «እኔ ልምጣ» ብሎ አያውቅም፤ ሐሳቡም አልመጣለት። ወደዚያ ከተማ የሚሄድ አውቶቡስ ግን ነበረ፤ ሁልጊዜም ነበረ።

መምህሩ ፍላጻዋን አንስቶ ሰበራት። ልብስ ሰፊዋ በእርጥብ ጨርቅ የሞተር ክፍሉን ኮሪደር ጠረገችና «ይሄ ጠመኔ ዓይኔን ፈጀው» ብላ በዚያው ጨርቅ ፊቷን ነካ ነካ አደረገች። የሚቀጥል ጨዋታ አልነበረም። ዳቦው ሳይቆረስ ተነሱ። ልብስ ሰፊዋ ባለታክሲውን አቅፋ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው፤ ለጥርስ ሠሪው ደግሞ «አንተ መጥፎ ሰው፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ እንዳትቀር» አለችው። አልቀርም አላት። ሦስት ሰው፣ አንድ የማይሠራ ሞተር፤ ይበቃል።

ከሱቁ በር ላይ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። መንገዱ በሰው ተጨናንቋል። የታክሲዋ ጎን ላይ መስታወቱ በነበረበት ቦታ ሽቦ ተንጠልጥሏል።

«ለምን ተኮስክብኝ?» አለ ባለታክሲው።

ጥርስ ሠሪው የሴትየዋን ምሥጢር አያወጣም። «ፍላጻዋ አቧራ ጠጣች። ሳትተኮስ ልታረጅ ነው ብዬ» አለ።

ባለታክሲው ፈገግ አለ፤ አላመነውም።

«አንተስ?» አለው ጥርስ ሠሪው። መጠየቅ አልነበረበትም፤ ግን አላስችል አለው። «ለሾርባ እንኳ ዳይስ የምትጥል ሰው! ምን ነካህ?»

ባለታክሲው ቁልፉን በጣቱ ላይ አሽከረከረ። ሊዋሽ እንደፈለገ ፊቱ ላይ ይነበባል፤ መዋሸቱንም ይችልበታል። ጭነት መኪናውን ከነሹፌሩ የፈጠረ ሰው ነው። አሁን ግን አልዋሸም።

«ደክሞኛል ወንድሜ» አለ። «በጣም ደክሞኛል።»

«አውቃለሁ።»

«እደውልልሃለሁ እኮ። ናና ደግሞ፣ ቤቱን አታውቀውም።»

«እመጣለሁ» አለ ጥርስ ሠሪው። የምር ይሁን ለአፉ፣ እሱም ገና አላወቀም።

«ግባ፣ ላድርስህ።»

«የለም፣ ሂድ። ሳይመሽ ግባ። ልጅቷ ትጠብቅሃለች።» ይህን ካለ በኋላ ስለ ልጅቷ መናገሩ ያስነቃበት ይሆን ብሎ ደነገጠ። ባለታክሲው ለአፍታ ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ አንገቱን በክንዱ አቅፎ ወደ ራሱ ሳበውና ለቀቀው።

ታክሲዋ ከመንገዱ ዳር ወጣች፣ በጭሷ አስነጠሰችው፣ ከመኪኖቹ መሃል ገባች። ጥርስ ሠሪው ከዓይኑ እስክትጠፋ ቆመ። አንድ መንገደኛ ትከሻውን ገጭቶት «ይቅርታ አባት» ብሎ አለፈ። ወደ እህቱ ቤት ቢሄድ «ምነው በጊዜ?» ትለዋለች፣ ከዚያ ግባ ተቀመጥ ትለዋለች። ወደ ሥራ ክፍሉ ቢሄድ የሚጠብቀው የማያውቀው ሰው መንጋጋ ነው። ሰዓቱን አየ። በሌላ ቅዳሜ ቢሆን ጨዋታው ገና የሚሟሟቅበት ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ ከፍ ብላ ፊቱ ላይ ታበራለች፤ ቅዳሜው ገና ብዙ ይቀረዋል።